ሲዲሲሲ አልረጋ ሲል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ሲዲሲሲ (CDCC) በግጭት ጊዜ የሚበታተን ኒውክሊየስን የምናሰላበት ዘዴ ነው፤ ከመበታተን በኋላ ያለውን ተከታታይ የኢነርጂ ክልል «ቢን» በሚባሉ ቁርጥራጮች ይከፋፍለዋል። ይህ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ደካማ ትስስር ባላቸው ኒውክሊየሶች ላይ ቴሲስ ለሚሠሩ ልጆች ነው። ፍሬስኮን (ስሌቱን የሚሠራውን ፕሮግራም) መጫንና ኢንፑት ማስተካከል እንደምታውቁ አድርጌ ነው የምጽፈው።

ቢኑ እንደ ታሰረ ስቴት ይቆጠራል። የኢነርጂው ፕላስ-ማይነስ ምልክት ተገልብጧል። ለታሰረ ስቴት ኢነርጂው ፖዘቲቭ፣ ለቢን ኔጌቲቭ ይጻፋል።

የሊቲየም-6 ኢነርጂ ትክክል ነው፣ ዌቭ ፋንክሽኑ ግን ትክክል አይመስልም። የአልፋና የዲዩትሮን ትስስር 1.47 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ፕሮግራሙ የፖቴንሻሉን ጥልቀት እያስተካከለ ይህን ቁጥር ዝቅተኛው የኤስ ስቴት በሆነው በ1ኤስም ይሰጣችኋል። 1ኤስ ግን በፓውሊ መርህ (ሁለት ተመሳሳይ ኒውክሊዮኖች አንድ ስቴት አይጋሩም) የተከለከለ ነው። 2ኤስ አድርጉት።

ብሬካፑ (የኒውክሊየሱ መበታተን) መርጋት እምቢ ይላል። በብዛት የሚመጣብኝ ይኼ ነው። ቢኖቹ በጠበቡ ቁጥር ክሮስ ሴክሽኑ (የመከሰት ዕድሉ መለኪያ) ይለዋወጣል። ኢላስቲኩ (ሳይበታተን የሚመለሰው) ግን ዳታው ላይ ቆንጆ ተቀምጧል፤ ልጆቹን የሚያዘናጋቸውም እሱ ነው።

ምክንያቱ ራዲየሱ፣ ማለትም ዌቭ ፋንክሽኑ የሚሰላበት የመጨረሻው ርቀት፣ ነው። የቢን ዌቭ ፋንክሽን ስፋቱ በጠበበ ቁጥር ወደ ውጭ ይረዝማል። ራዲየሱን ሳትጨምሩ ቢኑን ካጠበባችሁ ጅራቱን ቆረጣችሁት ማለት ነው። አንዲት የኮምቦልቻ ተማሪ ቤሪሊየም-11ን፣ ማለትም ቤሪሊየም-10ንና በ0.50 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ የተያዘ ኒውትሮንን፣ ይዛ መጣች። ራዲየሱ 60 ፌርሚ ነበር። በ0.1 የሞመንተም ስፋት (በ1/ፌርሚ) ኖርሙ (ከዌቭ ፋንክሽኑ ራዲየሱ ውስጥ የገባው ድርሻ፤ ሙሉው 1 ነው) 0.90 ግድም ነው። ወደ 0.05 ስታወርደው 0.75 ሆነ፤ በ0.025 ደግሞ 0.45 አካባቢ። አማካሪዋ «አሁንም አጥብቢው» ይላታል። እያጠበበች ሥራውን እያበላሸች ነበር። ኖርሙ አውትፑቱ ላይ ተጽፏል፣ ያየው ግን የለም።

መፍትሄው፦ ስፋቱን በራዲየሱ አባዙት። ውጤቱ 6.3 ከሆነ ኖርሙ 0.90 ግድም፣ 12.6 ከሆነ 0.95 ግድም ይሆናል። ለ0.1 ስፋት 126 ፌርሚ፣ ለ0.05 ደግሞ 250 ፌርሚ ያስፈልጋል ማለት ነው። ስፋቱን ከመንካታችሁ በፊት ኖርሙን እዩ። ሁልጊዜ!

ኖርሙን ለማሳመር ብላችሁ ቢኑን አታስፉ። የሊቲየም-6 3+ ሬዞናንስ (ለአጭር ጊዜ የሚቆይ ስቴት) ከአልፋና ከዲዩትሮን መለያያው ኢነርጂ በ0.71 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ነው፤ የኢነርጂ ስፋቱ 0.024 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ። በሰፊ ቢን ውስጥ ይዋጣል። ለሱ የራሱን ቢን ስጡት፣ ውስጡንም በደቃቁ ከፋፍሉት።

ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞረውን የዲዩትሮን ኢንፑት ፋይል ደግሞ ተዉት። ለ2.22 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ትስስር የተሠራ ነው። ስንቱ ልጅ ማሱንና ኢነርጂውን ብቻ ቀይሮ፣ ራዲየሱን እንዳለ ትቶ መጣ! የሰው ፋይል ከወሰዳችሁ እያንዳንዱ ቁጥር ለምን እንደገባ ጠይቁ።

ራዲየሱ ሲረዝም ሥራው ሌሊቱን ሙሉ ሊሄድ ይችላል። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ነገር ይሄዳል። የጄ (የጠቅላላ አንግላር ሞመንተም) ክልሉን ከፋፍላችሁ አስኪዱ፣ አውትፑቱንም በየክፍሉ አስቀምጡ።

መምጠጡ (ኢላስቲኩን የሚቀንሰው የፖቴንሻሉ ክፍል) ከልክ በላይ ነው። ከሊቲየም-6 ኢላስቲክ ዳታ የተገኘውን ፖቴንሻል ወስዳችሁ ብሬካፑን ላዩ ላይ ጨምራችኋል። ብሬካፑ እዚያ ውስጥ አስቀድሞ ስላለ ሁለት ጊዜ ተቆጠረ። አልፋውና ዲዩትሮኑ ከታርጌቱ (ከሚመታው ኒውክሊየስ) ጋር ያላቸውን ፖቴንሻል ለየብቻ አስገቡ። ኢነርጂያቸው በማስ ይከፋፈላል፤ ጨረሩ 30 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ከሆነ አልፋው 20፣ ዲዩትሮኑ 10። ሁለቱንም በ30 የሚያስገባ ብዙ ነው። ይህ ስህተት ፕሮግራሙን ስለማያቆመው በቀላሉ አይታይም።

ቦሮን-8 በከባድ ታርጌት ላይ። ፕሮቶኑ የተያዘው በ0.137 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ነው፣ የኩሎምብ (የኤሌክትሪክ) ጉልበቱም ሩቅ ይደርሳል። የውጭው ራዲየስ በመቶዎች ፌርሚ ይሁን፣ የጄ ወሰኑንም አብራችሁ ከፍ አድርጉ።