ለጎንደር ጀማሪ አስጎብኚዎች፦ «ሪፒዩቲድሊ»ን ያዟት

ጎንደር ላይ ማስጎብኘት ለምትጀምሩ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ልጠቁማችሁ፤ «ሪፒዩቲድሊ»። ተውሳከ ግሥ ናት። «እንደሚባለው» ማለት ነው። ብዙ ሰው አይጠቀምባትም፤ ለእናንተ ሥራ ግን ልክክ ትላለች። ስትጠሯት «ፒዩ» ላይ ጠንከር በሉ።

ደብረ ብርሃን ሥላሴን እንውሰድ። ደርቡሾች በ1888 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ሲያቃጥሉ ቤተ ክርስቲያኑን የንብ መንጋ አዳነው ይባላል። ይህን ስትተርኩ «ዘ ቸርች ዋዝ ሪፒዩቲድሊ ሴቭድ ባይ ቢዝ» በሉ። ቦታዋን ልብ በሉ፤ ከ«ዋዝ» ቀጥላ፣ ከዋናው ግሥ በፊት። እንዲህ ስትሉ ትውፊቱን አላጣጣላችሁም፤ በሰነድ ተረጋግጧል ብላችሁም አልማላችሁም። እንግዳው የሰማው ነገር ከአፈ ታሪክ የመጣ መሆኑን ወዲያው ይረዳል። ለታሪካችን ክብር የምንሰጠው እንዲህ ለይተን ስንናገር ይመስለኛል።

ፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መመዝገቡን ስትናገሩ ግን አትጨምሯት፤ እርግጡን ነገር አጠራጣሪ ታደርጉታላችሁ።

በእሷ ፋንታ «አሌጅድሊ» የሚሉም አሉ። ተዉት። ያቺ ቃል የክስና የፖሊስ ዜና ሽታ አላት፤ «ሰረቀ ተብሎ የተጠረጠረ» ለማለት ነው የምትሆነው። ስለ ቤተ ክርስቲያን ሲወራ ጆሮ ይቆረቁራል።