ጠላው ለምን ኮመጠጠ? ከቅምሻ እስከ ጋን

መጠንሰስና (ጌሾና ብቅል በውሃ ማፍላትና) መደፍደፍ (እንኩሮ ጨምሮ ማወፈር) ለሚያውቅ ነው የምጽፈው፤ እሱን አልደግምም። ለማኅበር፣ ለተዝካር፣ ለክርስትና የተጠመቀ ጠላ ሲበላሽ «ነይ ቅመሽልን» እየተባልኩ ስሄድ ያገኘሁትን ላካፍል።

ጣፋጭ ሆኖ ከቀረ፦ እንኩሮው (በምጣድ የተቆላው የዱቄት ቡኮ) ትኩስ እያለ ገብቶ እርሾውን ገድሎታል። ድፍድፉ እጅ ሲገባበት ለብ እስኪል ጠብቁና ከጎረቤት ጥንስስ ለምናችሁ ጨምሩበት።

አረር አረር ካለ፦ ሲቆላ ተቃጥሏል። መድኃኒት የለውም።

ከመረረ፦ ጌሾው በዝቷል። እንኩሮና ውሃ ሲጨመር ይለዝባል። ሣር ሣር ካለ ግን ከጓሮ ተቀጥፎ በደንብ ሳይደርቅ የተወቀጠ ጌሾ ነው። ቅጠሉ በመዳፍ ሲታሽ ካልተሰባበረ ገና ነው።

ሻጋታ ከሸተተ፦ ብቅሉን ፈትሹ። የሻገተ ብቅል ይጣላል። «እሳት ያገኘዋል» አትበሉ፤ አንዳንድ ሻጋታ የሚተወው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ በማብሰል አይጠፋም።

ከኮመጠጠ፦ አብዛኛውን ጊዜ የምጠራው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ኮምጣጣነቱን ለዩ። ጠላ ትንሽ ኮምጠጥ ማለቱ የራሱ ጣዕም ነው፤ እርጎን ከሚያረጋው ጋር አንድ ዘር የሆነ ባክቴሪያ ይሰጠዋል፣ ምላስ ላይ ለስለስ ብሎ ያልፋል። የተበላሸው ግን ጣሳው አፍ ሳይደርስ አፍንጫ ይወጋል፣ ሲዋጥም ጉሮሮ ይፍቃል። ያ ኮምጣጤ ነው። አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች አየር ካላገኙ አይሠሩም። ስለዚህ ጌሾ አነሰ ከማለታችሁ በፊት አየሩም ባክቴሪያውም በየት እንደገቡ ፈልጉ።

አንዲት ጎረቤቴ በአንድ ክረምት ሦስት ጋን ኮመጠጠባት። «እትዬ፣ እናቴ እንዳስተማረችኝ ነው የጠመቅሁት» አለችኝ፤ እውነቷን ነበር። ጥንስሱን ቀመስኩ፣ ደህና ነው። ድፍድፉም ደህና ነው። ጋኑን በግራዋ ቅጠል አጥባ በወይራ አጥናዋለች። በመጨረሻ «ማጥለያ ጨርቅሽን አምጪ» አልኳት። ከበር ኋላ ሚስማር ላይ እርጥቡን ተንጠልጥሎ ነበር። እጥፋቱን ስገልጠው ያለፈው ጠላ አተላ ስፌቱ ውስጥ ተጋግሯል፣ ሽታውም ያው አፍንጫ የሚወጋው ነው። ጥሩ ጠላዋን በኮምጣጤ እርሾ ስታጠልል ከርማለች። ጨርቁን ቀቅለን ፀሐይ ላይ አሰጣነው፤ አራተኛው ጋን ደህና ወጣ። ከዚያ ወዲህ የትም ቤት ስገባ ከጠላው በፊት ጨርቁን ነው የማሸተው።

በጣም የሚያናድደኝ ደግሞ የተጠጣበትን ጣሳ ጋን ውስጥ መንከር ነው። አንድ የድግስ ቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር ክዳኑ ይነሳል፣ ከንፈር የነካው ጣሳ ይጠልቃል፣ ክዳኑም ገርበብ ብሎ ይቀራል። ጠላው እየጎደለ ሲሄድ ከላይ ያለውን ቦታ አየር ይይዘዋል። በሦስተኛው ቀን ስስ ነጭ ሽፋን ለብሶ አገኘሁት። መቅጃው ለብቻው ይሁን፣ ንጹሕና ደረቅ ይሁን፣ አንድ ሰው ብቻ ይቅዳ!

ኮምጣጤ የሆነው አይመለስም። ስኳር አትጨምሩበት። ለአንድ ቀን ይጣፍጣል፤ ከዚያ ስኳሩ አልኮል፣ አልኮሉም ኮምጣጤ ይሆናል። ጅምሩ ላይ ከደረሳችሁበት ግን እስከ አፋቸው በሚሞሉ ትንንሽ ዕቃዎች ገልብጡት፣ ቀዝቃዛ ቦታ አኑሩትና ሳይውል ሳያድር ጠጡት። ጋኑ ግን ኮምጣጤውን በሸክላው ቀዳዳ ውስጥ ይዞ ይቆያል። በግራዋ ደጋግማችሁ እሹት፣ ፀሐይ ላይ አድርቁት፣ ከዚያ አጥኑት። እርጥብ ጋን ማጠን ጭሱን ማባከን ነው።

በፕላስቲክ ጀሪካን ለምትጠምቁ፦ ነጭ ጋዝ ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበትን ፈጽሞ አትንኩ፤ ምንም ብታጥቡት አይሆንም። በሚፈላበት ጊዜ ክዳኑን አታጥብቁ፣ ይፈነዳል። ውስጡ በሽቦ የተፋቀ ከሆነ ጭረቱ ውስጥ የተደበቀውን ግራዋም አያወጣው፤ ዕቃውን ለውጡት።