ጁገል ውስጥ አሮጌ ቤት ልትገዙ ነው? ከቀብዱ በፊት ውሉን

እህቴ ቶሮንቶ ሆና ሐረር ጁገል ውስጥ ጌ ጋር (የሐረሪ ባህላዊ ቤት) ልትገዛ ተነሳች። ውክልናው የኔ ነበር። ደላላው ደግሞ «ሌላ ገዢ አለ፣ ዛሬ ቀብድ ካልጣላችሁ ያመልጣችኋል» ይላል። ይህቺን ነገር እናንተም መስማታችሁ አይቀርም። እባካችሁ አትደናገጡ።

በማግስቱ ግንበኛ ይዤ ሄድኩ። ከታች ሲያዩት ሁሉም ነገር በአዲስ ቀለም ያበራል። ነደባው (ቤቱ ውስጥ ያለው ከፍ ያለ መቀመጫ መደብ) ላይ ወጥቼ ጣሪያውን የተሸከመውን እንጨት ጫፉን በጣቴ ብጫነው ግን ዱቄት ሆኖ እጄ ላይ ቀረ። ምስጥ በልቶታል።

አሁን ወደ ቀብዱ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ይሄ ግን ተዋዋዮቹ ሌላ ነገር ካልተስማሙ ነው። ስለዚህ ቀብዱ መቼ እንደሚመለስ ውሉ ላይ አስጽፉ።

ለኛ ትልቁ ጉዳይ የእድሳት ፈቃዱ ነበር። ጁገል ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፣ እንደፈለጉ ግድግዳ አፍርሶ ቆርቆሮ መምታት የለም። እኛም «ፈቃዱ በሁለት ወር ካልተገኘ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» ይባል አልን። ሻጩ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ «ፈቃዱ የናንተ ጉዳይ፣ እኔ ሁለት ወር ታስሬ ልቀመጥ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ጊዜውን ወደ 45 ቀን አወረድን፣ ወጪውንም ሩጫውንም እኛ ቻልን፣ እሳቸው ማመልከቻው ላይ እንደ ባለይዞታ ሊፈርሙ ተስማሙ። እንዲህ ስትሰጡም ነው የሚሰጧችሁ።

ለምስጡ «አሠርቼ ላስረክብ» ብለውን ነበር። እምቢ አልን። ሊሸጥ የተነሳ ቤት ላይ የሚደረግ ጥገና ያው ቀለም ነው። የግንበኛውን ግምት በጽሑፍ አቅርበን ከዋጋው አስቀነስን።

የመጨረሻውን ክፍያ ስም ዝውውሩ ሳያልቅና ቤቱ ከተከራይ ባዶ ሆኖ ቁልፉ እጃችሁ ሳይገባ አትልቀቁ። እኛ ጋ ጓሮ ያለችው ክፍል ውስጥ ሰው ይኖር ነበር፣ ማንም አልነገረንም። ቤቱ የውርስ ከሆነ ወራሾቹ በሙሉ፣ ባለትዳር ከሆኑ ባልም ሚስትም ይፈርሙ። እዳና እገዳ አስጣሩ። ውሉም በውል አዋዋይ ፊት ይመዝገብ፣ በሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ብቻውን ለቤት ሽያጭ አይበቃም። ዜግነት የቀየራችሁ ቢጫ ካርዳችሁን (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን) ቀድማችሁ አውጡ።

ውክልናውን ኤምባሲ ስታሠሩ ሥልጣኑን አንድ በአንድ ዘርዝሩ፦ መግዛት፣ መክፈል፣ ስም ማዛወር፣ የእድሳት ፈቃድ መጠየቅ፣ ውል ማፍረስ፣ ቀብድ መልሶ መቀበል። የእህቴ የመጀመሪያው ውክልና የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አልነበሩበትም። እንደገና ኤምባሲ ሄደች፣ እኔም ወረቀቱን ይዤ ለማረጋገጫ እንደገና ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተሰለፍኩ።