በአንሪል ኢንጂን የቴክስቸር ቀለም ሲያስተካክሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአንሪል ኢንጂን፣ ማለትም በጌም መሥሪያው ሶፍትዌር፣ የጭቃ ግድግዳ ቴክስቸር (በ3ዲ ዕቃ ገጽ ላይ የሚለጠፍ ምስል) አስገብተው ገርጥቶ ወይም እንደ ፕላስቲክ አብረቅርቆ ሲያዩት እጅ ቶሎ የሚሄደው ወደ ብራይትነስ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ቀለሙ ላይ ሳይሆን ኢንጂኑ የምስሉን ቁጥር በሚያነብበት መንገድ ላይ ነው። ያ ሳይታረም ቀለም መነካካት አንዱን ስህተት በሌላ መሸፈን ይሆናል። ከታች ያሉት በአንሪል ኢንጂን 5 የቴክስቸር ኤዲተር፣ ማለትም ኮንቴንት ብራውዘር ውስጥ ቴክስቸሩን ሁለቴ ሲጫኑ በሚከፈተው መስኮት፣ ደጋግመው የሚያጋጥሙ ናቸው።

ኤስአርጂቢን ለሁሉም ምስል እንደበራ መተው

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚበላው ይህ ነው። ኤስአርጂቢ ኢንጂኑ ምስሉን እንደ ቀለም እንዲያነብ የሚያዝ ምርጫ ነው። ቤዝ ከለር (የገጹ መሠረታዊ ቀለም) የዓይንን አስተያየት ተከትሎ የተቀመጠ የቀለም ምስል ስለሆነ ኤስአርጂቢ ይበራለታል። ራፍነስ (ሻካራነት)፣ ሜታሊክ (ብረትነት) እና አምቢየንት ኦክሉዥን (የስንጥቅና የማዕዘን ጥላ) ግን ምስል ይምሰሉ እንጂ ቁጥር ናቸው። ራፍነስ ላይ 128 የሆነ ግራጫ 0.5 ተብሎ መነበብ አለበት፤ ኤስአርጂቢ በርቶ ከሆነ ግን ኢንጂኑ ወደ 0.22 ገደማ ያወርደዋል። ራፍነስ ሲወርድ ገጹ ይለሰልሳል፣ ብርሃን ይመልሳል። ግድግዳው ዘይት የተቀባ የሚመስለው ለዚህ ነው፤ ቤዝ ከለሩን የቱንም ያህል ቢያጠቁሩት አይለቅም።

በዲቴይልስ ፓነል ኤስአርጂቢ የሚለውን ምልክት ያንሱ። ሦስቱ መረጃዎች በአንድ ምስል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቻናል ውስጥ ታጭቀው ከሆነ ኮምፕረሽን ሴቲንግስን ማስክስ ያድርጉት። ቴክስቸሩ ቀድሞ ማቴሪያል (ቴክስቸሮችን አጣምሮ የገጹን መልክ የሚወስን ቅንብር) ውስጥ ገብቶ ከነበረ በዚህ ጊዜ ማቴሪያሉ ስህተት ሊያወጣ ይችላል። ምክንያቱ ምስሉን ወደ ማቴሪያሉ የሚያስገባው ሳጥን፣ ቴክስቸር ሳምፕል ኖዱ፣ ላይ ሳምፕለር ታይፕ አሁንም ከለር ተብሎ መቅረቱ ነው፤ እንደ ሁኔታው ማስክስ ወይም ሊኒየር ከለር ይምረጡ። ስህተቱን አይቶ ደንግጦ ኤስአርጂቢን መልሶ ማብራት ወደ ዘይቱ ግድግዳ መመለስ ነው።

የመብራቱን ጥፋት ቴክስቸሩ ላይ ማረም

ቪውፖርቱ፣ ማለትም ትዕይንቱ የሚታይበት መስኮት፣ እንደ ዓይን ብርሃን ይለምዳል። አውቶ ኤክስፖዠር በርቶ ሳለ ካሜራውን ከጨለማ ክፍል ወደ ፀሐይ ቢያዞሩት ያው ግድግዳ ሁለት ዓይነት ይሆናል። በዚህ ሁኔታ ቀለም መመዘን፣ በሚወዛወዝ ሚዛን ቡና እንደመመዘን ነው። ሊት ከሚለው ምናሌ በፈር ቪዥዋላይዜሽን፣ ከዚያ ቤዝ ከለርን ይምረጡ፤ ያለ ብርሃንና ያለ ጥላ ቀለሙ ብቻውን ይታያል።

ለማነጻጸር የኢንጂኑ መመሪያ ራሱ የተለኩ ቁጥሮች አሉት፦ ከሰል 0.02፣ ባዶ አፈር 0.13፣ አረንጓዴ ሣር 0.21፣ የበረሃ አሸዋ 0.36፣ አዲስ ኮንክሪት 0.51፣ አዲስ በረዶ 0.81። እነዚህ ሊኒየር፣ ማለትም የብርሃኑን መጠን በቀጥታ የሚከተሉ፣ ናቸው፤ ፎቶሾፕ ውስጥ ከ0 እስከ 255 ባለው መለኪያ ከሰል ወደ 39፣ አፈር ወደ 101፣ በረዶ ወደ 232 ይሆናል። ስለዚህ አማካዩ 190 የሆነ የአፈር ግድግዳ በማንኛውም መብራት የገረጣ ነው፤ አማካዩ 100 አካባቢ ከሆነ ግን ቴክስቸሩን ይተዉትና ወደ መብራቱ ይሂዱ።

አንድ ቤት ለመቀየር አጀስትመንትስን መጠቀም

በቴክስቸር ኤዲተሩ አጀስትመንትስ የሚለው የቀለም ማስተካከያ ክፍል ዋናውን ምስል አያበላሽም፤ ቁጥሮቹን ወደነበሩበት ከመለሱ ምስሉ ይመለሳል። ለውጡ ግን ያንን ቴክስቸር የሚጠቀም ማቴሪያል ሁሉ ላይ ይደርሳል። ለአንድ ቤት ብለው ሂዩን (የቀለሙን ዓይነት) 30 ዲግሪ ሲያዞሩ የሰፈሩ ግድግዳ ሁሉ ይዞራል፤ ግድግዳው ላይ የተሳለው ሰማያዊ መስኮትም አብሮ ይዞራል።

ትክክለኛው ቦታ ማቴሪያሉ ነው። ቴክስቸሩን ከቬክተር ፓራሜትር (ሊቀየር ከሚችል የቀለም ዋጋ) ጋር በመልቲፕላይ (በማባዣ ኖድ) ያገናኙ፣ ከዚያ ለየቤቱ ማቴሪያል ኢንስታንስ (ቀለሙ ለብቻው የሚቀየር የማቴሪያሉ ቅጂ) ይፍጠሩ። እዚህም አንድ ወጥመድ አለ፦ እስከ 1 ባለው ቀለም ማባዛት ማጨለም እንጂ ማብራት አይችልም፤ ቀይ አፈር በሰማያዊ ሲባዛ ደግሞ ሰማያዊ ሳይሆን ጥቀርሻ ይሆናል። መጀመሪያ ዲሳቹሬሽን ኖድ አስገብተው ምስሉን ወደ ግራጫ ይመልሱት፤ ከዚያ ያባዙት።

አጀስትመንትስ የሚያስፈልገው ቴክስቸሩ በሁሉም ቦታ መለወጥ ሲኖርበት ነው። ያኔም ብራይትነስና ብራይትነስ ከርቭ አንድ አይደሉም። ብራይትነስ ያባዛል፤ 1.5 ሲያደርጉት ከ0.67 በላይ ያለው ሁሉ ጣሪያውን ይነካና የኖራው ስንጥቅ ይጠፋል። ከርቭ ግን ዋጋውን በኃይል ያሳድገዋል፤ 1.3 ላይ 0.5 የነበረው ወደ 0.41 ሲወርድ 0 እና 1 ካሉበት አይነቃነቁም። ለገረጣ ምስል ከርቩ ይሻላል።

ኖርማል ማፕን እንደ ቀለም መቁጠር

ኖርማል ማፕ (የገጹን እብጠትና ጉድጓድ ለብርሃን የሚነግር ምስል) ላይ ብራይትነስም ሳቹሬሽንም (የቀለም ድምቀት) አይነካም፤ እዚያ ያለው ቀለም የአቅጣጫ ቁጥር ነው። የቆርቆሮው ሸንተረር ጎድጓዳ፣ ጎድጓዳው ሸንተረር መስሎ ከታየ ጥፋቱ አረንጓዴው ቻናል ነው። ብሌንደር በነባሪው የኦፕንጂኤልን አቅጣጫ ይጠቀማል፣ አንሪል ደግሞ የዳይሬክትኤክስን፤ ሁለቱ በአረንጓዴው ቻናል ይቃረናሉ። ፍሊፕ ግሪን ቻናልን ያብሩ። ፎቶሾፕ ውስጥ አስቀድመው ገልብጠውት ከሆነ ግን አይንኩት፤ ሁለቴ የተገለበጠ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል።

የቀለም እርከን ሲታይ ኮምፕረሽኑን ማጥፋት

የሰማይ ቀለም በእርከን ሲደረደር ከኮምፕረሽን ሴቲንግስ ምስሉን የማይጨምቀውን ዩዘርኢንተርፌስ2ዲ የሚመርጡ አሉ። እርከኑ ይጠፋል፤ ሜሞሪውም አብሮ ይሄዳል። ቢሲ1፣ ቢሲ3 እና ቢሲ7 የምስል መጭመቂያ ዓይነቶች ናቸው፤ 4096 በ4096 የሆነ ምስል በቢሲ1 8 ሜጋባይት፣ በቢሲ7 16፣ ሳይጨመቅ ግን 64 ሜጋባይት ይይዛል፤ ሚፕማፖቹ (ከሩቅ ለማሳየት የተዘጋጁ የምስሉ ትንንሽ ቅጂዎች) በዚያ ላይ ሲሶ ያህል ይጨምራሉ። ለእንዲህ ያለ ምስል ቢሲ7 በቂ ነው። ምንም ያልተሳለበት አልፋ ቻናል (የግልጽነት ቻናል) ይዞ የመጣ ምስልም ከቢሲ1 ወደ ቢሲ3 ያሻግርና እጥፍ ያስከፍላል፤ ኮምፕረስ ዊዝአውት አልፋን ያብሩ።

መጠንና ሚፕማፕ

1000 በ1000 ሳይሆን 1024 በ1024። የሁለት ኃይል ያልሆነ ቴክስቸር በስትሪሚንግ (እንደ አስፈላጊነቱ በከፊል እየተጫነ) አይጫንም፣ ሁልጊዜ ሙሉውን ሜሞሪ ላይ ይቀመጣል። ሚፕ ጄን ሴቲንግስን ኖሚፕማፕስ ማድረግ ለአዝራርና ለአይኮን ይሆናል፤ ለመንገድና ለጣሪያ ካደረጉት ከሩቅ ይብለጨለጫል። ትንሽ መጠን ለመሞከር ደግሞ ምስሉን መቁረጥ አያስፈልግም። ማክሲመም ቴክስቸር ሳይዝን 1024 ያድርጉት፤ ዋናው 4096 ሳይነካ ይቆያል፣ ወደ 0 ሲመልሱት ይመለሳል።