በሆድ የቀረን ነገር በፊት ሥዕል እንዴት ማውጣት ይቻላል?

ቁጣን በተኮሳተረ ግንባር፣ ሐዘንን በእንባ መሣል ብዙ አይከብድም። የሚያስቸግረው «ሆድ ይፍጀው» ተብሎ የተዋጠው ነው፤ ይሉኝታ ፊቱን አለስልሶታልና። እንዲህ ያለውን ስሜት ከፊቱ ይልቅ አብሮት ያለው ዕቃ ይናገርለታል።

ስለዚህ ከብሩሽ በፊት እስክሪብቶ ያንሱ። ያልተባለውን በአንድ መስመር ይጻፉ፦ «መማር እፈልጋለሁ፤ ግን ቤቱን ለማን ልተው?» ከዚያ ሰውየውን የያዘውን ነገር ሥራ የሚሠራ ዕቃ ይፈልጉ፤ የሚከድን፣ የሚያስር ወይም የሚጫን። ሐረር ላለ ሰው ፍለጋው ቅርብ ነው። በጁገል (በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ) ቤቶች ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የስፌት መክደኛ ለዓይን ጌጥ ነው፣ ሥራው ግን መሸፈን ነው። በሚሣለው ሰው አፍ ላይ ሲያርፍ ሁለቱንም ይላል። ሰንሰለቱና በሽቦ ቤት የተዘጋችው ወፍ ይቅሩ፤ ሥዕሉን ፖስተር ያደርጉታል።

ሸራ ከተወደደ አቡጀዲ ይሆናል። ለ40 በ50 ሴንቲ ሜትር ፍሬም 50 በ60 ይቁረጡ። መጀመሪያ በሙቅ ውሃ ይጠቡት፤ ካልታጠበ በኋላ ይሰበሰባል። ከወጠሩት በኋላ 1 እጅ ነጭ የእንጨት ኮላ በ2 እጅ ውሃ አቅጥነው ይቀቡ፤ ሲደርቅ ነጭ የግድግዳ ውሃ ቀለም 2 ጊዜ በስሱ ይደርቡ። ካወፈሩት ይሰነጠቃል።

የሚሣለውን ሰው በሩ አጠገብ፣ ብርሃን ከአንድ ጎን ብቻ እንዲመታው ያስቀምጡ። በከሰል ሲነድፉ ዓይኖቹ የጭንቅላቱ ቁመት እኩሌታ ላይ ይዋሉ፤ ጀማሪ ወደ ግንባር ይሰቅላቸዋል። ፊቱን ወደ ጎን ለማዞር ካሰቡ ደግሞ ይጠንቀቁ፦ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ክፉ ሰው በአንድ ዓይን ስለሚሣል ያንን የለመደ ተመልካች ሌላ ነገር ያነባል።

ስፌቱ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። አለላው እየተጠመዘዘ ስለሚሠራ መስመሮቹ የመክደኛውን ጉብታ ተከትለው ይጎብጡ። እያንዳንዱን ጥልፍ አይቁጠሩ፤ ብርሃን የነካው ጠርዝ ላይ ብቻ ጥቂቱን ያሳዩ። ጥላው ጉንጭና አገጭ ላይ መውደቅ አለበት። ያለ ጥላ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው።

የቆዳን ጥላ በጥቁር አያጨልሙ፣ አመድ ይሆናል። ቡናማ ላይ ጥቂት ሰማያዊ ይጨምሩ። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሙቀት አክሪሊክ ቀለም ሳህኑ ላይ ቶሎ ስለሚደርቅ የረጠበ ሶፍት አንጥፈው በላዩ ትንሽ ትንሽ ያውጡ።

ሲያልቅ ርዕሱን ሳይናገሩ ለሰው ያሳዩ። «ስፌቱ ሲያምር!» ብቻ ካለ የስፌቱን ቀለም ያደብዝዙ፣ ዓይኖቹን ያጉሉ። የተሣለው የታወቀ ሰው ከሆነ ደግሞ ፈቃዱን ይጠይቁ ወይም መልኩን ይለውጡ፤ ጁገል ውስጥ የማይተዋወቅ የለም።