የት/ቤት ላይብረሪ መጽሐፍ ልጆች ቤት ድረስ እንዲገባ

መጀመሪያ የመጽሐፉን ቁምሳጥን ክፈቱት፣ ይቀደዳል ብሎ መቆለፍ እኮ ለአይጥ መተው ነው። የልጆች ላይብረሪ ያቋቋመው ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሐዋሳ ላይ በአህያ ጋሪ መጽሐፍ ለልጆች አዙሮ የለ እንዴ፣ እኛ ግቢያችን ውስጥ ማዋስ ያቅተናል? አንድ ደብተር አስምሩና ስም፣ ክፍል፣ የመጽሐፉን ቁጥር፣ የወሰደበትን ቀን ጻፉበት፣ በቃ። አርብ ስጡ ሰኞ ተቀበሉ፣ ክረምት ሲቃረብ በፌስታል ጠቅልላችሁ። የተገነጠለ ገጽ በኮላ ይለጠፍ፣ ፕላስተር ቆይቶ ቢጫ ይሆንና ይላቀቃል። ለ1ኛ እና 2ኛ ክፍል ፊደሉ ትልልቅ፣ ስዕሉ የበዛ ምረጡ።

ማንበብ የማይችሉ ወላጆች ካሉ ደግሞ ልጁ ያንብብ፣ እናት ቡናውን እየቆላች ትስማ፣ ከዛ ስዕሉን እያየች ተረቱን በራሷ አፍ መልሳ ትንገረው፣ ለኔ ዋናው ይሄ ነው። መጽሐፍ ጠፋ ብላችሁ ብር አታስከፍሉ፣ ልጁ ሁለተኛ ድርሽ አይልም።