የኮምፒዩተር ቪዥን ጥናት ገና ከቁጥሩ የሚበላሽባቸው ስህተቶች

ሲቪፒአር በሚል ምሕጻር የሚታወቀውና ከ1983 ጀምሮ የሚካሄደው የኮምፒዩተር ቪዥን (ኮምፒዩተር ምስልን አይቶ እንዲረዳ የማድረግ ጥናት) ጉባኤ በ2024 በሲያትል ሲሰበሰብ 11,532 ጽሑፎች ቀርበውለት የተቀበለው 2,719ኙን ብቻ ነበር (ዓመታቱ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከአራት ጽሑፎች ሦስቱ ተመልሰዋል ማለት ነው። ጽሑፋቸው የተመለሰባቸው ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛቸው፣ በዩኒቨርሲቲያቸው ስም ወይም በጂፒዩ (ሞዴል ማሠልጠኛ ፈጣን ፕሮሰሰር) እጥረት ያመካኛሉ፤ ሦስቱም አንዳንድ ጊዜ እውነት ናቸው። ይሁንና በገምጋሚነት ካነበብኳቸውና ራሴም ከሠራኋቸው ጥናቶች እንደተረዳሁት፣ ጽሑፍን የሚጥለው ስህተት የሚፈጸመው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ከመጻፉ ከወራት በፊት፣ ተመራማሪው በሠንጠረዡ ላይ የሚያሰፍረውን ቁጥር ሳይመረምር ያመነው ዕለት ነው።

ዳታን በተሳሳተ ደረጃ መከፋፈል

ከሁሉም የከፋው፣ ስለዚህም ረዘም አድርጌ የምጽፍበት፣ ይህ ነው። የብራና ጽሑፎችን የሚያነብ ሞዴል (ከምሳሌዎች የሚማር ፕሮግራም) ስናሠለጥን፣ እያንዳንዱን ገጽ በመስመር በመስመር ቆርጠን፣ የመስመሮቹን ምስሎች አንድ ላይ ደባልቀን፣ ከመቶ ሰማንያውን ለሥልጠና፣ ዐሥሩን ለማስተካከያ፣ ዐሥሩን ለፈተና መደብን። ውጤቱ እጅግ ያማረ ስለነበር ወደ ጉባኤ የምንልከውን ጽሑፍ ርእስ እስከ መምረጥ ደረስን። አማካሪያችን ግን ከፈተናው ክፍል አንድ መስመር አውጥተው፣ «ከዚህ በላይ ያለው መስመር የት ገባ?» ሲሉ ጠየቁን። ፈልገን ያገኘነው በሥልጠናው ክፍል ውስጥ ነበር፤ ከሥሩ ያለውም እንደዚሁ። አንድ ጸሐፊ በአንድ የመቃ ብዕርና በአንድ ቀለም የጻፈው፣ አንድ የጧፍ ሰም ጠብታ ያረፈበት ገጽ ለሁለት ተከፍሎ በሥልጠናውም በፈተናውም ተቀምጧል። ሞዴሉ የተፈተነው አይቶት በማያውቀው መጽሐፍ ሳይሆን፣ የእጅ አጣጣሉን አጥንቶ በጨረሰው ጸሐፊ ላይ ነበር። ክፍፍሉን በመስመር መሆኑ ቀርቶ በመጽሐፍ ስናደርገው፣ ዳዊት ደጋሚ የመሰለን ሞዴል ፊደል ቆጣሪ ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ሞዴሉ በሥራ ላይ ሲውል አዲስ ሆኖ የሚገጥመው ነገር ምንድን ነው? አዲስ የሚሆነው ታካሚው ከሆነ ክፍፍሉ በታካሚ፣ ማሳው ከሆነ በማሳ፣ ካሜራው ከሆነ በካሜራ መደረግ አለበት። ከአንድ ቪዲዮ የተወሰዱ ተከታታይ ምስሎችን በዕጣ ለሁለት መክፈል አንድን ምስል ሁለት ጊዜ ከመቁጠር ብዙም አይለይም። ጥንቃቄ ተደርጎባቸዋል በሚባሉት ዳታሴቶችም ቢሆን ችግሩ አለ፤ ሁለት የጀርመን ተመራማሪዎች ሲፋር-10 እና ሲፋር-100 የተባሉትን ታዋቂ ስብስቦች ሲመረምሩ፣ ከመጀመሪያው የፈተና ምስሎች 3.3 በመቶው፣ ከሁለተኛው ደግሞ 10 በመቶው በሥልጠናው ክፍል ውስጥ መንትያ ወይም ለመንትያ የቀረበ ምስል እንዳላቸው አግኝተዋል።

በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ የታየው ከዚህም የከፋ ነበር። በ2020 በሽታውን ከደረት ራጅና ከሲቲ ስካን እንለያለን የሚሉ ጽሑፎች እንደ አሸን ሲፈሉ፣ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተመራ ቡድን ከ2,000 በላይ የሆኑትን ሰብስቦ፣ ማጣሪያውን አልፈው በዝርዝር የታዩት 62 ሆነው፣ ከእነዚህ አንዱም ለሕክምና ሥራ እንደማይበቃ በ2021 አስታወቀ። ከምክንያቶቹ አንዱ ቀላል፣ ግን አስደንጋጭ ነበር፤ በአንዳንዶቹ ጥናቶች ኮቪድ ያለባቸው ሰዎች ምስል የተሰበሰበው ከአዋቂዎች ሲሆን፣ ከሌለባቸው የተወሰደው ግን በጓንግዡ ከተማ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት ነበር። ሞዴሉ ተምሮት ሊሆን የሚችለው ትልቅ ሰውን ከሕፃን መለየትን ነው። ይህ ደግሞ ራጅ አያስፈልገውም።

ለእኛ ፊደል የሚሆን ጥሩ ምሳሌም አለ። ከ18ኛው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ከተጻፉ ሰነዶች የተወሰዱ ወደ 80,000 የሚጠጉ የመስመር ምስሎችን የያዘው ኤችኤችዲ-ኢትዮፒክ የተባለው ዳታሴት ሁለት የፈተና ክፍሎች አሉት፤ አንደኛው ከሥልጠናው ጋር ከአንድ ምንጭ በዕጣ የተወሰደ፣ ሁለተኛው ደግሞ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፎች ተለይቶ የተቀመጠ ነው። ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን ማቅረብ፣ ሞዴሉ የሚያውቀውንና የማያውቀውን ለአንባቢ በአንድ ጊዜ ያሳያል። የመጀመሪያውን ብቻ መርጦ የሚያቀርብ ሰው ቢያጋጥመኝ ሁለተኛውን ከመጠየቅ አልመለስም።

የፈተናውን ክፍል ደጋግሞ መክፈት

የፈተና ክፍል የተቀመጠው በመጨረሻ አንድ ጊዜ እንዲከፈት ነው። በተግባር ግን ተማሪው በእያንዳንዱ ምሽት ሞዴሉን አሻሽሎ፣ በፈተናው ላይ ሞክሮ፣ የበለጠውን እየያዘ ይቀጥላል፤ በስድስተኛው ወር የፈተናው ክፍል ሳይታወቅ የማስተካከያ ክፍል ሆኗል። በ2015 ኢሜጅኔት በተባለው ግዙፍ የምስል ስብስብ ላይ በሚደረገው ውድድር የአንድ ኩባንያ ቡድን፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ ውጤት መሞከር እየተፈቀደ፣ በብዙ የተለያዩ አካውንቶች ወደ 200 ጊዜ ሞክሮ በመገኘቱ ለአንድ ዓመት ታግዷል። አብዛኞቻችን የምናጠፋው እንዲህ ሆን ብለን አይደለም፤ ውጤቱ ግን ይመሳሰላል።

በዚህ ነጥብ ላይ ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ የሚጠቀስ ጥናት ስላለ ላንሣው። በ2019 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ያሉ ተመራማሪዎች የኢሜጅኔትን የፈተና ክፍል በቀድሞው አሠራር እንደገና አዘጋጅተው የታወቁ ሞዴሎችን ሲፈትኑባቸው፣ ትክክለኛነታቸው ከ11 እስከ 14 ነጥብ ወረደ። ይህን ማኅበረሰቡ ፈተናውን ሸምድዶታል ለሚል ክስ ማስረጃ አድርገው የሚያቀርቡ አሉ። አዘጋጆቹ የደረሱበት መደምደሚያ ግን ሌላ ነው፤ የሞዴሎቹ ቅደም ተከተል እንዳለ ተጠብቆ ስለተገኘ፣ መውረዱን ያመጣው ሽምደዳ ሳይሆን አዲሶቹ ምስሎች በትንሹ ከበድ ያሉ መሆናቸው ነው ብለዋል። በእኔ አስተያየት ይህ ከሽምደዳው ይልቅ ያሳስባል፤ በምስል አሰባሰብ ላይ የተፈጠረ ኢምንት ልዩነት ዐሥር ነጥብ የሚያወርድ ከሆነ፣ ግማሽ ነጥብ በልጠናል የሚለው ሠንጠረዥ ምን ያህል ክብደት ሊሰጠው ይገባል? ሺህ ምስል ብቻ ባለው የፈተና ክፍል የሚሠራ ሰው ቢያንስ ሞዴሉን በተለያየ የዘፈቀደ መነሻ ቁጥር ሦስት ወይም አምስት ጊዜ አሠልጥኖ የውጤቱን ስፋት ያሳይ።

ተፎካካሪን አዳክሞ ማሸነፍ

የራሱን ሞዴል ሦስት ወር ሲያባብል የከረመ ተመራማሪ፣ የሚወዳደርበትን የቀድሞ ሞዴል በአንድ ከሰዓት በኋላ ባገኘው ኮድ አሠልጥኖ ውጤቱን በሠንጠረዥ ይደረድራል። ሬስኔት-50 የተባለው የምስል መለያ አውታር (የሞዴል ዓይነት) በ2015 ይፋ ሲሆን በኢሜጅኔት ላይ የነበረው ትክክለኛነት 76 በመቶ አካባቢ ነበር። በ2021 ግን ተመራማሪዎች የአውታሩን አወቃቀር ሳይነኩ የሥልጠናውን አካሄድ ብቻ አዘምነው 80.4 በመቶ አደረሱት። በመካከሉ በነበሩት ስድስት ዓመታት አዲሱ አወቃቀራችን ከሬስኔት በለጠ ያሉት ጽሑፎች ሁሉ፣ ብልጫው ከአወቃቀሩ ይምጣ ከሥልጠናው ሊጠየቁ የሚገባቸው ናቸው። መድኃኒቱ አሰልቺ ነው፤ ለራስ ሞዴል የተሰጠውን የሥልጠና ጊዜ፣ የዳታ ማብዣ (የሥልጠና ምስሎችን የማበራከት ዘዴ) እና የሙከራ ብዛት ለተፎካካሪውም መስጠት።

የሌላውን የዳታ ማብዣ ዘዴ እንዳለ መቅዳት

የሥልጠና ምስሎችን ለማበራከት ግራና ቀኛቸውን መገልበጥ በፎቶግራፍ ላይ የተለመደ ነው፤ ድመት በመስታወት ብትታይም ያው ድመት ናት። ፊደል ግን እንዲህ አይደለም። ራብዑ «ባ» ቀኝ እግሩ ረዝሞ ግራው ያጠረ ሲሆን፣ ሳብዑ «ቦ» ግራ እግሩ ረዝሞ ቀኙ ያጠረ ነው። «ባ» የሚል መለያ የተሰጠውን ምስል ገልብጦ ለሞዴሉ የሚያሳይ ፕሮግራም፣ «ቦ»ን እያሳየ ይህ «ባ» ነው ብሎ ያስተምረዋል፤ ሳና ሶ፣ ካና ኮ፣ ዛና ዞም እንዲሁ ይምታታሉ። ምስሉን በዘፈቀደ የሚከረክመው ዘዴም ከላይ ሲቆርጥ የ«ኘ»ን አናት ወስዶ «ነ» ያደርገዋል። ከተዘጋጀ ኮድ ውስጥ አንዲት መስመር ሳይነበብ ስለቀረ ብቻ ሳምንታት የሚባክኑበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ሥልጠና ከመጀመሩ በፊት ለሞዴሉ የሚደርሱትን መቶ ምስሎች ከነመለያቸው በስክሪን ደርድሮ በዐይን መመልከት የግድ ነው። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

በአማካይ ብቻ መተማመን

አንድ አማካይ ቁጥር ማንን እንደሚጎዳ አይናገርም። በ2018 ጆይ ቡኦላምዊኒና ትውልዷ አዲስ አበባ የሆነው ትምኒት ገብሩ፣ ፆታን ከፊት ምስል ለይተው የሚያውቁ ሦስት የገበያ ሥርዓቶችን ለመፈተን ከሦስት የአፍሪካና ከሦስት የአውሮፓ አገሮች ፓርላማዎች የ1,270 ሰዎችን ምስል ሰበሰቡ። ከሥርዓቶቹ አንዱ ባጠቃላይ ሲለካ ወደ 88 በመቶ ትክክል ነበር፤ ውጤቱ በቆዳ መልክና በፆታ ተከፋፍሎ ሲታይ ግን በጠቆር ያሉ ሴቶች ላይ የስህተቱ መጠን 34.7 በመቶ ሆኖ ተገኘ፤ ቀላ ባሉ ወንዶች ላይ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም ነበር። ፈተናውን ልዩ ያደረገው የስሌት ረቂቅነት አልነበረም፤ ውጤቱን መከፋፈሉና ለመከፋፈል የሚያስችል ዳታ መሰብሰቡ እንጂ። የሰብል በሽታን የሚለይ ሞዴል የሚሠራ ሰውም ውጤቱን በዝርያ፣ በወቅትና በስልክ ካሜራ ዓይነት ለይቶ ቢያቀርብ፣ ገምጋሚው ሊጠይቀው የሚችለውን አስቀድሞ መለሰ ማለት ነው።

ከገምጋሚ ጋር ሙግት መግጠም

በሲቪፒአር ጽሑፉ ከነሥዕሎቹ 8 ገጽ፣ ለገምጋሚዎች የሚሰጠው መልስ ደግሞ 1 ገጽ ነው። ያችን አንዲት ገጽ ገምጋሚው አልገባውም በሚል ቁጣ የሚሞሏት ብዙ ናቸው። ገምጋሚው ካልገባው አንባቢውም አይገባውም፤ ስለዚህ ሦስት ገምጋሚዎች በጋራ ያነሡትን ነጥብ አስቀድሞ፣ በቁጥር መልሶ፣ የተሳሳተውንም በትሕትና አርሞ መጨረስ ይሻላል። በተገላቢጦሹ፣ ጽሑፍ አቅራቢ ሆኖ ሳለ የሌላውን ጽሑፍ በሁለት መስመር ገምግሞ የሚያልፍ ሰው ዛሬ ዋጋ ይከፍላል፤ በ2025 ጉባኤው ግምገማቸውን እጅግ በኃላፊነት ጉድለት የሠሩ ሰዎች ስማቸው ያለባቸውን 19 ጽሑፎች ውድቅ አድርጓል።

ጽሑፉ እስኪፈቀድ ድረስ ጉዞን አለማሰብ

ይህ ከሳይንሱ ውጭ ይመስላል፤ ከአዲስ አበባ ለሚላክ ጽሑፍ ግን አይደለም። ከታላላቆቹ የማሽን ትምህርት ጉባኤዎች አንዱ የሆነው አይሲኤልአር በ2020 በአዲስ አበባ ሊካሄድ ተወስኖ፣ ወረርሽኙ ሲመጣ በኢንተርኔት ብቻ ተካሄደ፤ አፍሪካን የረገጠው በ2023 በኪጋሊ ነው። የኮምፒዩተር ቪዥን ጉባኤዎች ግን አሁንም የሚሰበሰቡት ባብዛኛው በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስያ ሲሆን፣ ሲቪፒአር ውሳኔውን የሚያሳውቀው በየካቲት መጨረሻ አካባቢ፣ የሚካሄደው ደግሞ በሰኔ ነው። በሦስት ወር ተኩል ጊዜ ውስጥ የኤምባሲ ቀጠሮ አግኝቶ፣ ገንዘብ ለምኖ፣ ቪዛ ማውጣት ለብዙዎች አልሆነም። ከጸሐፊዎቹ ቢያንስ አንዱ ካልተመዘገበ ጽሑፉ በጉባኤው መድበል ስለማይወጣ፣ የምዝገባውን ክፍያ ማን እንደሚሸፍን፣ ጉዞው ቢቀር ፖስተሩን ማን ቆሞ እንደሚያስረዳ፣ ፓስፖርቱ መቼ እንደሚያበቃ ከተባባሪዎች ጋር መነጋገር የሚገባው ጽሑፉ በተላከበት በኅዳር ወር ነው። ጉባኤዎቹ ለተማሪዎች የሚሰጡት የጉዞ ድጋፍም የማመልከቻ ቀኑ የተለየ በመሆኑ፣ ቀኑን ከጽሑፉ ማስረከቢያ ቀን ጎን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ ከጠረጴዛው ፊት ለፊት መለጠፍ ይገባል።